ያልፈነዳው ቦንብ፦ የኮሎምባይን ታሪክ በቴሌቪዥን እንዴት ተጻፈ?

ኮሎምባይን የሚለውን ስም የሰማ ሰው ታሪኩን እንዲነግራችሁ ጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ የምትሰሙት ይህን ነው፦ ጓደኛ ያልነበራቸው፣ የተገለሉ፣ ጥቁር ካፖርት የሚለብሱ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ስፖርተኞቹ ተማሪዎች ሲያንጓጥጧቸው ኖሩ፤ አንድ ቀን ምርር ሲላቸው መሣሪያ አንሥተው መጡና የበደሏቸውን እየመረጡ ገደሉ። እኔም ታሪኩን ለብዙ ዓመታት ያወራሁት በዚሁ መልክ ነው። ስለ ምርመራው የወጣውን ቁጭ ብዬ ካነበብኩ በኋላ ግን ከዚህ ሁሉ ያለ ጥርጥር የተረፈልኝ ካፖርቱና መሣሪያው ብቻ ሆነ።

ልጆቹ ለምን ገደሉ የሚለውን ጥያቄ ለሌሎች እተወዋለሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ፣ ጋዜጠኛ በሞላበት አገር፣ ካሜራ በተደቀነበት ቦታ፣ በቀን ብርሃን የተፈጸመ ነገር በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዴት ሌላ ታሪክ ሊሆን እንደቻለ ነው። ማረሚያው መጥቷል፤ ግን ታሪኩን አልደረሰበትም። የሁለቱን ገዳዮች ስም እዚህ አልጽፍም። ምክንያቱን ወደ ኋላ ታገኙታላችሁ።

የሆነው

ቀኑ ማክሰኞ ሚያዝያ 12 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 20 ቀን 1999 ነበር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው፤ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ። ቦታው በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ወጣ ብሎ ሊትልተን አጠገብ የሚገኘው ኮሎምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ሺህ ገደማ ተማሪዎች ይማሩበት ነበር።

ሁለቱ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ያን ቀን የመጡት ከሁሉ በፊት ለፍንዳታ ነበር። ዘጠኝ ኪሎ ገደማ የሚይዙ የፕሮፔን ጋዝ ሲሊንደሮች የተጠመዱባቸውን ሁለት ትልልቅ ቦርሳዎች ወደ ምግብ አዳራሹ አስገብተው በተማሪዎቹ ቦርሳዎች መካከል ትተው ወጡ። ሰዓቱ የተሞላው ለ5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ነበር። ምሳ ሰዓት ስለሆነ አዳራሹ ውስጥ አምስት መቶ የሚጠጋ ሰው ነበር፤ ከአዳራሹ በላይ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ አለ። ያሰቡት ሕንፃው ሲናድ ውጭ ቆመው የሚሸሸውን ሊተኩሱበት ነበር። መኪኖቻቸውንም ቦንብ አጥምደውባቸው ነበር፤ መርማሪዎች እንደሚገምቱት ለእርዳታ ሠራተኞችና ለጋዜጠኞች የታሰበ ነው።

ትልልቆቹ ቦንቦች አልፈነዱም። አሠራራቸው ችግር ነበረበት። ሁለቱ ጥቂት ጠብቀው 5 ሰዓት ከ19 ላይ መተኮስ ጀመሩ። 12 ተማሪዎችና አንድ መምህር ተገደሉ፤ ከ20 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። ከሟቾቹ አሥሩ የወደቁት በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ስምንት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ነው። 6 ሰዓት ከ8 ገደማ ገዳዮቹ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ራሳቸውን አጠፉ። በዚያ ቀን ቆስላ ሰውነቷ ሽባ ሆኖ የኖረች አንዲት ሴት በ2025 ስታርፍ ሞቷ ከጥቃቱ ጋር ተያይዞ ስለተመዘገበ የሟቾቹ ቁጥር አሁን 14 ነው።

ከመጀመሪያው ጥይት እስከ መጨረሻው 50 ደቂቃ አልሞላም። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

የታየው

ቴሌቪዥን ከእኩለ ቀን አካባቢ ጀምሮ እስከ ማታ ድረስ ያሳየው «እገታ» ነበር። ሄሊኮፕተሮች ከላይ ያንዣብባሉ፤ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ያደረጉ ተማሪዎች በሰልፍ ይሮጣሉ፤ ፖሊስ ዙሪያውን ከቦ ቆሟል። የዜና አንባቢዎቹ ታጣቂዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደሚፈልጉ፣ ድርድር ተጀምሮ እንደሆነ ይጠያየቃሉ። በዚያ ሰዓት የሚደራደር ሰው አልነበረም። ታጣቂዎቹ ሬሳ ነበሩ።

ጥፋቱ የጋዜጠኞች ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ፖሊስም አላወቀም፤ የጊዜው ደንብ አካባቢውን ክበብ፣ ልዩ ኃይሉን ጠብቅ የሚል ነበር። የካውንቲው ሸሪፍ (የአካባቢው የፖሊስ አዛዥ) ጆን ስቶን የሟቾቹ ቁጥር እስከ 25 ሊደርስ እንደሚችል ተናገረ፤ ያ ቁጥር በዓለም ዙሪያ ዞረ። አንደኛው ገዳይ ካፖርቱን ሲያወልቅ ከውስጥ ነጭ ካናቴራ ስለነበረው አንዳንድ ምስክሮች ሌላ ሰው መሰላቸው። ጣሪያ ላይ አልሞ ተኳሽ አለ ተባለ፤ ሰውየው የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበር። ሁለት የነበሩት ታጣቂዎች በወሬው እየበዙ ሄዱ።

ይህ ሁሉ ትርምስ ነው፤ ትርምስ ደግሞ ይጠራል። የማይጠራው ሌላው ነገር ነበር። በየክፍሉ ተደብቀው ከቆዩት መቶዎች ተማሪዎች ብዙዎቹ ያሉበት ክፍል ቴሌቪዥን ነበረው። በር ዘግተው፣ ጠረጴዛ ደግፈው፣ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከውጭ ሆኖ በሚቀርጽ ካሜራ ይመለከታሉ። የእጅ ስልክ ያላቸው ወደ ቤተሰብ ይደውላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያ ደውለው የሰሙትን በቀጥታ ስርጭት ይናገራሉ። የተናገሩት በዚያው ቅጽበት በቀጣዩ ክፍል ባለው ቴሌቪዥን ይሰማል። ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ ሁለቱም ወገኖች ወጥተው ማይክሮፎን ሲደቀንባቸው ይህ ያየሁት ነው፣ ይህ ደግሞ ከቴሌቪዥን የሰማሁት ነው ብሎ የሚለይ አልነበረም። ማንም በእነሱ ቦታ ቢሆን አይለይም። ጋዜጠኛው ግን «የዓይን ምስክር» ብሎ መዘገበው። ወሬው ከጣቢያው ወጥቶ፣ በልጁ አፍ ዞሮ፣ ማስረጃ ሆኖ ወደ ጣቢያው ተመለሰ።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባል ነበር። በዚያ ከሰዓት በኋላ መላ የሚጨምርበት ሰው አልተገኘም።

8 ሰዓት ከ38 ገደማ ካሜራዎቹ አንድ ትክክለኛ ነገር አሳዩ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ በቤተ መጻሕፍቱ የተሰበረ መስኮት ወጥቶ ከታች በቆሙ የልዩ ኃይል አባላት እጅ ላይ ወደቀ። ሚሊዮኖች አዩት። ልጁ ተርፏል። በሌላ በኩል በአንድ የሳይንስ ክፍል መስኮት ላይ ነጭ ሰሌዳ ተደግፎ ነበር፤ የተጻፈበት «አንድ ሰው ደሙ እየፈሰሰ ሊሞት ነው» የሚል ነው። ሰውየው ተማሪዎችን ከምግብ አዳራሹ ሲያስወጣ የተመታው መምህርና የልጃገረዶች ቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ዴቭ ሳንደርስ ነበር። ሁለት ተማሪዎች ካናቴራቸውን አውልቀው ቁስሉን ሲጫኑ፣ የልጆቹን ፎቶ ከቦርሳው አውጥተው ሲያሳዩት ቆዩ። ልዩ ኃይሉ ሲደርስ ከሦስት ሰዓት በላይ አልፏል፤ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ሞተ። የአሜሪካ ፖሊስ በኋላ ደንቡን ቀይሮ መጀመሪያ የደረሰው ይግባ እንዲል ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ሞት ነው።

ካፖርቱ

በትምህርት ቤቱ ጥቁር ረጅም ካፖርት የሚለብሱ ጥቂት ተማሪዎች ነበሩ። ሌሎች ተማሪዎች ለማሾፍ «ትሬንች ኮት ማፊያ» ብለው ሰየሟቸው፤ እነሱም ስሙን ወደዱት። በ1998 በትምህርት ቤቱ ዓመታዊ መጽሐፍ ላይ በዚሁ ስም የቡድን ፎቶ ተነሥተዋል። ሁለቱ ገዳዮች በፎቶው ላይ የሉም። አብዛኞቹ የቡድኑ ልጆችም ጥቃቱ ሲፈጸም ትምህርታቸውን ጨርሰው ወይም ትተው ሄደው ነበር። ግን ታጣቂዎቹ ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፤ ጥቁር ካፖርት የሚለብስ ቡድን ነበረ፤ ቡድኑ ደግሞ «ማፊያ» የሚል ስም አለው። የዜና ርእስ የሚፈልግ አዘጋጅ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ከዚያ በኋላ ያለው ራሱን በራሱ ጻፈ። ጥቁር ልብስ ካለ የጨለማ ሙዚቃ አለ፤ የጨለማ ሙዚቃ ካለ ማሪሊን ማንሰን አለ። ዘፋኙ ቀሪ የሙዚቃ ድግሶቹን ሰረዘ፤ ገዳዮቹ ግን የእሱ አድናቂዎች አልነበሩም። ኤፕሪል 20 የሂትለር ልደት ስለሆነ ናዚዎች ናቸው ተባለ። ስፖርተኛ ፈልገው ገደሉ ተባለ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ግን ከጠረጴዛ ሥር ያገኙትን ነው የተኮሱበት፤ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ያስቀመጡት ቦንብ ደግሞ ስፖርተኛውን ከሌላው አይለይም። ጓደኛ አልነበራቸውም ተባለ። አንደኛው ከጥቃቱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ከጓደኞቹ ጋር በሊሙዚን ወደ ተመራቂዎች ጭፈራ ሄዷል፤ ዩኒቨርሲቲም ተቀብሎት ነበር።

እዚህ ላይ ልጠንቀቅ። በትምህርት ቤቱ ማንጓጠጥ አልነበረም የሚል ካለ አልስማማም፤ በኋላ የተሰጡ ምስክርነቶች መኖሩን ያሳያሉ። አንደኛውን ልጅ ርኅራኄና ጸጸት የማያውቅ ሳይኮፓት፣ ሌላውን በድብርት የተያዘ ብለው የደመደሙ ባለሙያዎችም አሉ፤ የሞተን ሰው መመርመር ምን ያህል እንደሚያስተማምን አላውቅም። ነገሩ የተወሳሰበ ነው። ቴሌቪዥን ግን ውስብስብ ነገር ለማቅረብ ጊዜ አልነበረውም፤ አንድ ምክንያት ፈለገ፣ ካፖርቱ ውስጥ አገኘው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ካፖርት ተከለከለ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የሰማዕቷ ታሪክ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከተገደሉት ልጃገረዶች አንዷን ገዳዩ በእግዚአብሔር ታምኛለሽ ወይ ብሎ እንደጠየቃት፣ አዎ ስትል እንደገደላት ተወራ። በየቤተ ክርስቲያኑ ተሰበከ፤ እናቷ በዚያው ዓመት መጽሐፍ አሳተመች። ነገር ግን ከልጅቷ ጎን፣ እዚያው ጠረጴዛ ሥር የተደበቀች ተማሪ እንዲህ ያለ ንግግር እንዳልነበረ ለመርማሪዎች ተናግራ ነበር። ታሪኩን ያሰራጨው ልጅም መርማሪዎች ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መልሰው ድምፁ የመጣው ከየት ነው ሲሉት ያመለከተው ሌላ ቦታ ነው። እዚያ የነበረችው ሌላ ልጅ ናት። እሷ ቆስላ እየጸለየች ሳለ ተጠየቀች፣ አዎ አለች፣ ገዳዩም ትቷት ሄደ። ተረፈች። ይህችኛዋ እውነቱን ስትናገር የሟቿን ክብር እንደቀማች ተደርጋ የታየችበት ጊዜ ነበር። የተመዘገበ ምስክርነት በእጅ እያለ አገሩ የመረጠው የሞተችውን ነው፤ የተረፈችው ለታሪኩ አልተመቸችም።

ያልታየው

ያልፈነዳ ቦንብ አይቀረጽም። ጭስ የለውም፣ የሚሮጥ ሰው የለውም። ባለሥልጣናት ስለ ቦንቦቹ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ተናግረዋል፤ በጋዜጣም ታትሟል። ግን በዝርዝር ውስጥ ገብቶ ቀረ። ዋናው እቅድ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ መጨረስ እንደነበር ብንረዳ ኖሮ «የተንጓጠጡ ልጆች በቀል» የሚለው ትረካ አይቆምም ነበር። ገዳዮቹ ከጻፏቸው ማስታወሻዎች አንዱ በ1995 የተፈጸመውን የኦክላሆማ ሲቲ ፍንዳታ ስለ መብለጥ ያወራል። ይህ ስለ ስፖርተኛ አይደለም።

ሌላም ያልታየ ነገር ነበር፤ እሱ ደግሞ ተደብቆ ነው። ከጥቃቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1998፣ የአንድ ተማሪ ወላጆች አንደኛው ገዳይ በኢንተርኔት ገጹ ላይ ልጃቸውን ለመግደል እንደሚዝትና ቦንብ እንደሚሠራ ለሸሪፉ ጽሕፈት ቤት አመልክተዋል። አንድ መርማሪ ቤቱን ለመበርበር የሚያስችል የፍርድ ቤት ማመልከቻ አርቅቆ ነበር። ረቂቁ ዳኛ ፊት አልቀረበም። ከጥቃቱ በኋላ በነበሩት ቀናት ባለሥልጣናት በር ዘግተው ስለዚህ ሰነድ ተመካከሩ፤ ሕዝቡ ስለ ረቂቁ ያወቀው በ2001፣ ስለ ስብሰባው ደግሞ በ2004 ነው። ጋዜጠኞች ማሪሊን ማንሰንን ሲያሳድዱ በነበረበት ሳምንት ዋናው ዜና መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ለፍትሕ ያህል፣ በኋላ ወረቀቱን በፍርድ ቤት ክርክር ጎትተው ያወጡት ወላጆችና ጋዜጠኞች መሆናቸውን መናገር አለብኝ። የዴንቨር ሁለት ጋዜጦችም ለኮሎምባይን ሥራቸው በ2000 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝተዋል፤ ዴንቨር ፖስት ለዘገባው፣ ሮኪ ማውንቴን ኒውስ ለፎቶግራፎቹ።

የተረፈው ፍርሃት

የፒው የጥናት ማዕከል በሰበሰበው አስተያየት መሠረት 68 በመቶ አሜሪካውያን ዜናውን በጣም በቅርብ ተከታትለዋል፤ ከ1999 ዜናዎች የሚወዳደረው አልነበረም። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ በማግሥቱ ወላጆችን ሲጠይቅ 55 በመቶው ልጃቸው በትምህርት ቤት ስላለው ደኅንነት እንደሚሰጉ ተናገሩ። በአሜሪካ ግን ለትምህርት በደረሱ ልጆች ላይ ከሚፈጸም ግድያ በትምህርት ቤት የሚደርሰው ከ3 በመቶ በታች ሆኖ ነው የሚመዘገበው። ልጅ በአብዛኛው የሚገደለው ቤቱና ሰፈሩ ነው፤ ለዚያ ሄሊኮፕተር አይነሣም።

በ2002 ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀው የአሜሪካ ሴክሬት ሰርቪስና የትምህርት ሚኒስቴር 37 ጥቃቶችንና 41 ጥቃት ፈጻሚዎችን መርምረው ባወጡት ሪፖርት «የትምህርት ቤት ገዳይ» የሚባል አንድ ዓይነት መልክ የለም አሉ። አብዛኞቹ ድንገት ምርር ብሏቸው የተነሡ ሳይሆኑ አስቀድመው ያቀዱ ነበሩ፤ ከአሥሩ በስምንቱ ጉዳይ ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ጓደኛ፣ የታሰበውን ያውቅ ነበር። መምህርና ወላጅ ሊጠቀምበት የሚችለው ይህ ነበር፤ የሚነገር ዛቻን ስማ የሚል። የካፖርቱ ታሪክ ግን የለበሰውን እይ ነው ያለው።

ከዜና ወደ ድርሰት

ገዳዮቹ ከጥቃቱ በፊት ራሳቸውን በቪዲዮ ቀርጸዋል። በቪዲዮው ታሪካቸውን የትኛው የሆሊውድ ዳይሬክተር እንደሚሠራው ይጫወታሉ፤ ስፒልበርግንና ታራንቲኖን ያነሣሉ። ታይም መጽሔት የሜይ 3 ቀን 1999 ሽፋኑን ለሁለቱ ሰጠ፤ የእነሱ ፎቶ ትልቅና በቀለም፣ የሟቾቹ ዙሪያውን በትንንሹ፣ በጥቁርና ነጭ። ዲሴምበር ላይ ደግሞ ስለ ቪዲዮዎቹ ጽፎ ከምግብ አዳራሹ የደኅንነት ካሜራ የተወሰደ የገዳዮቹን ምስል ሽፋን አደረገው። የሟቾቹ ቤተሰቦች ቪዲዮዎቹን ከማየታቸው በፊት ጋዜጠኛ አይቷቸው ነበር። ሽፋኑን ያዘጋጁት ሰዎች ክፉ ነበሩ አልልም። ገዳዮቹ የፈለጉት ሽፋን ግን ያው ነበር። የሸሪፉ ጽሕፈት ቤት ቪዲዮዎቹን በ2011 አጥፍቷቸዋል።

የተሳሳተው ታሪክ ስሕተት ሆኖ ቢቀር በታረመ ነበር። ግን ለሚቀጥለው ሰው መመሪያ ሆነ። «የተበደሉት ተበቀሉ» የሚለውን ትረካ በየመኝታ ቤቱ ተቀምጦ የሚያነብ፣ የራሱን ቂም የሚያስገባበት ልጅ ነበረ። በ2007 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰው የገደለው ተማሪ በሁለቱ ጥቃቶቹ መካከል ወደ ፖስታ ቤት ሄዶ ፎቶና ቪዲዮ ለኤንቢሲ ቴሌቪዥን ላከ፤ በላከው ውስጥ የኮሎምባይኖቹን በስም እየጠራ ሰማዕታት አላቸው። ጣቢያው ጥቅሉ በደረሰበት ዕለት ማታ አሳየው። ከሟች ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ከጣቢያው ጋር የያዙትን ቃለ ምልልስ ሰረዙ። ማዘር ጆንስ መጽሔት በ2015 ሲቆጥር ኮሎምባይንን አርአያ ያደረጉ ቢያንስ 74 ሴራዎችና ጥቃቶች አገኘ። በዚያው ዓመት የወጣ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት አንድ ጥቃት ከተፈጸመ በኋላ ለ13 ቀናት ያህል ሌላ የመከተል ዕድሉ ከፍ እንደሚል አመለከተ።

ስማቸውን ያልጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው። በ2012 ዴንቨር አጠገብ በምትገኘው በኦሮራ ከተማ ሲኒማ ቤት ልጃቸው የተገደለባቸው ወላጆች የገዳይን ስምና ፎቶ አታግንኑ የሚል ዘመቻ ጀምረዋል፤ ዛሬ ብዙ የዜና ክፍሎች ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅሰው ያልፋሉ። ጥድፊያው ግን አለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በሳንዲ ሁክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች በተገደሉበት ቀን ጣቢያዎች ለሰዓታት የገዳዩን ወንድም ገዳይ አድርገው አቀረቡ፤ እናቱንም የትምህርት ቤቱ መምህርት አሏት። አልነበረችም።

በኤፕሪል 2019፣ የሃያኛው ዓመት መታሰቢያ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት፣ በኮሎምባይን ሐሳብ የተጠመደች የ18 ዓመት ልጅ ከፍሎሪዳ በአውሮፕላን ዴንቨር ገብታ ጠመንጃ ገዛች። ፖሊስ ሲፈልጋት በዴንቨር ዙሪያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች የሚማሩባቸው የኦሮራ ትምህርት ቤቶችም ጭምር። ግማሽ ሚሊዮን ተማሪ ቤቱ ዋለ። ልጅቷ ራሷን አጥፍታ ተገኘች። ጥቃቱ ሲፈጸም ገና አልተወለደችም፤ የምታውቀው የተነገረውን ነው።

ከሁለት ወር በኋላ የትምህርት አውራጃው ኃላፊ ሕንፃው ይፍረስ ወይ ብለው ለማኅበረሰቡ ጻፉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ያለ ፈቃድ ሊያዩት መጥተው ነበር። ነዋሪው አልተስማማም፤ ሕንፃው አልፈረሰም። ሰዎቹ አሁንም በመስኮት አሾልከው የሚፈልጉት ቤተ መጻሕፍቱን ነው። እሱ ግን በ2000 ወለሉ ተነሥቷል፤ በቦታው ያለው ከምግብ አዳራሹ በላይ የተከፈተ ባዶ አየር ነው።